ስኳሩ ሲቀር የቆመው ሊጥ፦ ከአንድ የአዳማ ዳቦ ቤት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

በአዳማ ከተማ ያለ አንድ መካከለኛ ዳቦ ቤት ለዓመታት ከሠራበት የሊጥ ልክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀየረ፤ ስኳሩን አስቀረ። ዱቄቱ፣ እርሾው፣ ጨውና ውኃው፣ የምድጃው ሙቀትና የሚያቦካው ሰው እንደነበሩ ቆዩ። ሆኖም በዚያው ሌሊት ሊጡ እንደ ወትሮው ኩፍ ማለት ከጀመረ በኋላ መሐል ላይ ቀጥ አለ፤ ጠዋት ለደንበኛ የቀረበው ዳቦም ትንሽ፣ ከባድና ውስጡ የታመቀ ነበር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እርሾው ሞቷል ብለው ደመደሙ። እኔ ነገሩን ለሳምንታት ተከታትዬ የደረስኩበት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሾው ሕያውና ጤነኛ ነበር፣ የቆመውም አቅም አጥቶ ሳይሆን፣ ከአንድ ስኳር ወደ ሌላ ስኳር ለመሻገር የሚያስፈልጉትን ጂኖች እስኪያስነሳ ድረስ ነው።

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

በከተማው ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የባለቤቷ ልጅ ተማሪዬ ስለነበረች እናቷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝና «መምህር፣ እርሾ የሚመረመርበት ቦታ ታውቅ እንደሆነ ንገረኝ፤ ሦስት ካርቶን ገዛሁ፣ ሦስቱም የሞተ ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ የሞተ እርሾ ከመጀመሪያውም አይነሳም፤ የእርስዎ ሊጥ ግን ተነስቶ ነው የሚቆመው» ብዬ መለስኩላቸው። ይህን ያልኩት ምክንያቱን አውቄው አልነበረም፤ ነገር ግን በመነሳትና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ፍለጋውን ከየት መጀመር እንዳለብን ጠቆመኝ።

የቀድሞው አሠራር የሚከተለው ነበር። ለ25 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 1 ኪሎ ስኳርና 250 ግራም ደረቅ እርሾ ይገባል። ሊጡ ከተቦካ በኋላ 40 ደቂቃ ያርፋል፣ ከዚያ እየተቆረጠ ይድቦለቦልና ትሪ ላይ ለተጨማሪ 50 ደቂቃ ይቀመጣል፣ በ90ኛው ደቂቃ ገደማ ምድጃ ይገባል። ስኳር ተወድዶና ከገበያ ጠፍቶ በነበረበት ወቅት ባለቤቷ አንድ ተገቢ ጥያቄ ጠየቁ፤ ዳቦው ለሻይና ለወጥ የሚቀርብ እንጂ ጣፋጭ ዳቦ አይደለም፣ ታዲያ ስኳሩ ለምን ያስፈልጋል? ስለዚህም ኪሎዋን በሙሉ አስቀሯት። ዳቦው ሲበላሽ ደግሞ ሩብ ኪሎ ስኳር መልሰው ጨመሩ፤ ሩቡ የጎደለውን ቢያንስ በከፊል ይሞላል ብለው ነበር። ውጤቱ ግን ስኳር ጨርሶ ካልገባበት ሊጥ የባሰ ሆነ። ሦስቱን ካርቶን እርሾ ያስገዛቸውና ከነጋዴው ጋር ያጋጫቸው ይህ ሁለተኛው ውጤት ነው። በእኔም ዓይን የጉዳዩ ቋጠሮ እዚያ ላይ ነበር። ስኳር ለእርሾ ምግብ ከሆነ፣ ጥቂት ምግብ ከምንም እንዴት ሊከፋ ይችላል?

የፕላስተሩ ምልክቶች

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። ይዤው የሄድኩት ሦስት ግልጽና ቀጥ ያሉ የመስታወት ዕቃዎች፣ አንድ ጥቅል ነጭ ፕላስተርና እርሳስ ነበር። ዋናው ጋጋሪ በፈቃደኝነት ሦስት ትንንሽ ሊጦች አቦካልኝ፤ አንዱ ስኳር የሌለው፣ አንዱ በሩብ ኪሎው ልክ፣ አንዱ በቀድሞው የኪሎ ልክ። ከእያንዳንዱ እኩል መዝነን ዕቃዎቹ ውስጥ ከጨመርን በኋላ በጎናቸው ከላይ እስከ ታች ፕላስተር ለጠፍንና በየ10 ደቂቃው የሊጡ አናት የደረሰበትን በእርሳስ እያሰመርን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ከምድጃው አጠገብ ስለነበርን ሦስቱም በእኩል ሙቀት ውስጥ ነበሩ።

ሲነጋ ፕላስተሮቹን ልጠን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ኪሎ ስኳር የገባበት ሊጥ ፕላስተር ከታች እስከ ላይ ወጥ ነበር፤ መስመሮቹ በግምት አንዲት ጣት ስፋት እየተራራቁ እስከ መጨረሻው ወጥተዋል። ስኳር በሌለው ሊጥ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት መስመሮች እንዲሁ ይራራቃሉ፤ ከዚያ ከ50ኛው እስከ 80ኛው ደቂቃ ያሉት ሦስቱ እርስ በርስ ተደራርበው አንድ ወፍራም የእርሳስ ጭረት ይመስላሉ፤ ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ ግን እንደገና እየተራራቁ ሄደው በ120ኛው ደቂቃ ላይ ባለ ስኳሩን ሊጥ ሊደርሱበት ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሩብ ኪሎው የገባበት ሊጥም የተደራረቡ መስመሮች አሉት፣ ነገር ግን የሚጀምሩት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ሆኖ ከ100ኛው ያልፋሉ።

ጋጋሪው በዚህ ጊዜ ጣቱን በ90ኛው ደቂቃ መስመር ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ከዚያም «እኛ ምድጃ የምናስገባው እዚህ ጋ ነው» አለ። ስኳር የሌለው ሊጥ በ90ኛው ደቂቃ ከመቆሙ ተላቆ መንቀሳቀስ የጀመረ ሲሆን፣ ሩብ ኪሎ የገባበት ግን በዚያው ደቂቃ በመቆሙ መሐል ላይ ነው። ስለዚህ ሩብ ኪሎው እርሾውን አላዳከመውም፤ የመቆሚያውን ሰዓት ወደፊት ገፍቶ ከምድጃው ሰዓት ጋር አጋጠመው። በምድጃ ውስጥ ሊጡ ለመጨረሻ ጊዜ የሚዘረጋው፣ የያዘው አየር በሙቀት ሲሰፋና እርሾው ከመሞቱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ጋዝ ማምረቱን ሲያፋጥን ነው፤ የቆመ እርሾ ይህን ሁለተኛውን ሊያደርግ አይችልም።

ፕላስተሩ ሁለት ነገር ነገረን። እርሾው ሕያው ነው፣ ምክንያቱም በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይነሳል። መቆሙም የምግብ እጦት ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም ምንም ሳንጨምርለት ነው የሚመለሰው። የሚበላው ነገር ሊጡ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ለመብላት ግን ገና አልተዘጋጀም።

በሊጥ ውስጥ ያሉት ስኳሮች

የስንዴ ዱቄት በተፈጥሮው ጥቂት ነጻ ስኳር፣ ማለትም ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ሱክሮስ ይዟል፤ መጠኑ ከዱቄቱ ክብደት ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ዱቄቱ ውኃ ሲነካው ደግሞ አሚሌዝ የተባሉት ኢንዛይሞች በወፍጮ የተጎዳውን ስታርች እየቆረጡ ማልቶስ የተባለውን ስኳር ያወጣሉ። ማልቶስ ሁለት ግሉኮሶች የተያያዙበት ስኳር ነው፤ የብቅልም ዋና ስኳር እሱ ነው። ስኳር ባልተጨመረበት ሊጥ ውስጥ እርሾው በመጀመሪያው ሰዓት ነጻውን ስኳር ይጨርስና ከዚያ በኋላ የሚኖረው በማልቶስ ነው። ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው የገበያ ስኳር በበኩሉ ሱክሮስ ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ የተጣመሩበት። ከአዳማ በስተደቡብ በቅርብ ርቀት፣ በአዋሽ ዳር፣ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ያስጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያመርት የነበረውም ይህንኑ ሱክሮስ ነው።

ባለቤቷ ያስቀሯት ኪሎ ስኳር ለጣዕም ያላት ድርሻ ትንሽ እንደነበረ እውነት ነው። ነገር ግን እሷ እያለች እርሾው በ90 ደቂቃ ውስጥ ወደ ማልቶስ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም። ስኳሯ ለዓመታት ሸፍናው የኖረችው ክፍተት ስትነሳ ተጋለጠ።

ስድስት ሃይላንድና ስድስት ፊኛ

ከሊጥ ውስጥ አንዱን ስኳር ከሌላው ለይቶ ማየት ስለማይቻል ነገሩን ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ወሰድኩት። የባለቤቷ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ በስድስት የሃይላንድ ጠርሙሶች ውስጥ እኩል ለብ ያለ ውኃና ሁለት ሁለት ግራም ከዚያው ካርቶን የወጣ እርሾ ጨመሩ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሌላ ምንም አልተጨመረበትም፤ ማነጻጸሪያ ነው። በሁለተኛው 3 ግራም የገበያ ስኳር፣ በሦስተኛው 3 ግራም ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የግሉኮስ ዱቄት፣ በአራተኛው የወተት ዱቄት ገባ። ለአምስተኛው ከገበያ የተገዛ ብቅል ፈጭተን፣ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈን፣ በነጠላ አጥልለን፣ ኢንዛይሙ እንዲቆም አፍልተን ያቀዘቀዝነውን ውኃ ተጠቀምን። ስድስተኛው ይኸው የብቅል ውኃ ሆኖ 3 ግራም ግሉኮስ ተጨመረበት። በየአፋቸው ፊኛ ተገጠመ።

ስኳሩና ግሉኮሱ ያሉባቸው ፊኛዎች ቀድመው፣ ከሞላ ጎደል እኩል ቆሙ። የወተት ዱቄቱ ፊኛ እንደ ባዶው ውኃ ፊኛ ተልፈስፍሶ ቀረ፤ ሁለቱም ላይ የታየችው ጥቂት ጋዝ እርሾው በሰውነቱ ካከማቸው ስንቅ የመጣች ናት። የብቅሉ ፊኛ ትንሽ ተነፍቶ ቆመ፣ ከዚያ ዘግይቶ በፍጥነት ተነፋ። ሁላችንንም ያስቀመጠን ስድስተኛው ነበር። ከሦስተኛው ጋር እኩል ተነስቶ ፊኛው ቀጥ ካለ በኋላ እድገቱን አቁሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባለበት ቆየ፤ ከዚያም እንደገና ማበጥ ጀመረና ከሁሉም በለጠ። አንዲት ተማሪ «ሁለት ጊዜ ምሳ በላ» አለች።

ይህን ባለ ሁለት ደረጃ እድገት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በባክቴሪያ ላይ አስተውሎ ስም የሰጠው ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ ነው። ሁለት ስኳር ቀላቅሎ ሲመግባቸው መጀመሪያ ግሉኮሱን ብቻ ጨርሰው፣ ጥቂት ቆመው፣ ከዚያ ሁለተኛውን እንደሚጀምሩ አየና ክስተቱን ዳይኦክሲ አለው። ቆይቶ ከፍራንሷ ዣኮብና ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የ1965ን የኖቤል ሽልማት ያስገኘው የጂኖች ቁጥጥር ጥናት የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የዚህን ጉዳይ ፍርድ የሰጠው ግን ቀጥሎ ያደረግነው ነው። አምስተኛው ጠርሙስ ሥራውን ሲጨርስ በቀዝቃዛ ቦታ አቁመን ከሥሩ የዘቀጠውን እርሾ ወሰድንና ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን በቀጥታ ወደ አዲስ የብቅል ውኃ ጨመርነው፤ ያለ ምንም መቆም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ፊኛውን ነፋ። ሌላውን ግማሽ ግን መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ግሉኮስ መግበን ከዚያ ወደ ብቅል ውኃ አዛወርነው፤ መቆሙ ተመልሶ መጣ። ዘሩ አንድ፣ ካርቶኑ አንድ፣ ጠርሙሱም አንድ የሆነው እርሾ የተለያየው መጨረሻ ላይ በበላው ነገር ብቻ ነው። ይህ ውጤት ካለ በኋላ እርሾን ደካማ ወይም ብርቱ ብሎ መፈረጅ ለእኔ ትርጉም አልነበረውም፤ መጠየቅ ያለበት ወደ ሊጡ ከመግባቱ በፊት ምን ሲመገብ እንደቆየ ነው።

በሕዋሱ ውስጥ የሚሆነው

ፊኛ የሚለካው ጋዝን ነው፤ ከጋዙ በስተጀርባ ያለው አሠራር የታወቀው ደግሞ በአሥርት ዓመታት የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የዳቦ እርሾ ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲየ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ሲሆን፣ ሙሉ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ተነብቦ ይፋ ሆኗል። ኒውክለስ፣ ማለትም ዘረመሉን የሚይዝ የሕዋስ ክፍል፣ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበውም እሱ ነው። በ16 ክሮሞዞሞች ላይ ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያሠራቸውም። አንድ ጂን ሲነበብ ፕሮቲን ይሠራል፣ ፕሮቲን ለመሥራት ደግሞ ጉልበትና ጥሬ ዕቃ ይወጣል፤ ስለሆነም የማያስፈልገውን ፕሮቲን የማይሠራ ሕዋስ ከሚሠራው ይቀድማል።

ግሉኮስ ለእርሾ ከስኳሮች ሁሉ የሚቀድም ነው። ወደ ሕዋሱ በቀላሉ ይገባል፣ ከገባም በኋላ ያለ ቅድመ ዝግጅት ወደ መፈራረሻው መስመር ይሄዳል። ስለዚህ በአካባቢው ብዙ ግሉኮስ እያለ ሌሎቹን ስኳሮች የሚመለከቱት ጂኖች ተዘግተው እንዲቆዩ ይደረጋል። የሚዘጋቸው ዋናው ፕሮቲን ሚግ1 ይባላል። ሚግ1 ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ከእነዚያ ጂኖች መነሻ ላይ ይቀመጥና ረዳቶቹን ጠርቶ ንባቡን ያስቆማል። ግሉኮስ ሲያልቅ ስኒፍ1 የተባለው ኢንዛይም ነቅቶ በሚግ1 ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ሚግ1 ከኒውክለስ ይወጣና ጂኖቹ ይለቀቃሉ። የስኒፍ1 ስም የመጣው ሱክሮስ መብላት ካልቻሉ የእርሾ ዝርያዎች ነው፤ ይህ ጂን የተበላሸበት እርሾ ሱክሮስ ቢሰጠውም አያቦካውም። በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዘመዱ ኤኤምፒኬ የሚባለው የጉልበት እጥረትን የሚቆጣጠር ኢንዛይም ነው፤ ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሚግ1 መውጣቱ ለሱክሮስ ሊበቃ ይችላል። ሱክሮስን የሚሰነጥቀው ኢንቨርቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን የሚሠራው ሱክ2 ከተባለ ጂን ነው። እርሾው ኢንቨርቴዙን ከሕዋሱ ሽፋን ውጭ፣ ግድግዳው ዘንድ ያስቀምጠዋል፤ ሱክሮሱ ገና ሳይገባ እደጅ ተሰንጥቆ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሆኖ ይገባል። ሊጥ ከተቦካ በደቂቃዎች ውስጥ የተጨመረው ስኳር አብዛኛው የሚሰነጠቀው በዚህ መንገድ ነው።

ማልቶስ ግን እንደዚያ አይደለም። ሳይሰነጠቅ ወደ ሕዋሱ መግባት አለበት፣ ለመግባትም የራሱ በር ያስፈልገዋል። የማልቶስ ጂኖች በክሮሞዞም ጫፎች አካባቢ በቡድን ይገኛሉ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ሦስት ጂኖች አሉ፦ አንዱ ማልቶስን የሚያስገባውን በር፣ ሁለተኛው ማልቶስን ለሁለት ግሉኮስ የሚከፍለውን ማልቴዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን የሚያስነሳውን ፕሮቲን ይሠራል። አስነሺው ሥራውን የሚጀምረው ማልቶስ ሲያገኝ ነው። በመሆኑም ሁለት ነገር መሟላት አለበት፤ ግሉኮስ መጥፋት፣ ማልቶስም መገኘት። ማልቶስ እንዲገኝ ደግሞ በሩ መኖር አለበት፣ በሩ እንዲሠራ ደግሞ ማልቶስ መግባት አለበት። እርሾው ከዚህ አዙሪት የሚወጣው አስቀድመው በነበሩት ጥቂት በሮች ሾልኮ በሚገባ ማልቶስ ነው። በመጀመሪያ ጥቂት ይገባል፣ አስነሺው ይነቃል፣ ተጨማሪ በር ይሠራል፣ ተጨማሪ ማልቶስ ይገባል። በፕላስተሩ ላይ የተደራረቡት ሦስት መስመሮች ይህ ሁሉ የሚከናወንበት ጊዜ ናቸው።

ግሉኮስ ተመልሶ ሲመጣ ነገሩ በመዝጋት ብቻ አያበቃም። እርሾው ገጹ ላይ የተከላቸውን የማልቶስ በሮች ምልክት አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባቸውና ያፈርሳቸዋል። ለአንድ ሰዓት ግሉኮስ ያበላነው ግማሽ ከዜሮ የጀመረው ለዚህ ነው።

አሁን ካርቶኑ ውስጥ ወዳለው እርሾ እንመለስ። የእርሾ ፋብሪካዎች እርሾን የሚያራቡት በአመዛኙ በሞላሰስ ነው፤ ሞላሰስ ደግሞ ከስኳር ምርት የሚተርፍ፣ ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የያዘ ዝቃጭ ነው። እርሾ ብዙ ስኳር በአንዴ ካገኘ ኦክስጅን እያለም ቢሆን ወደ አልኮል ስለሚሄድና ስለማይራባ፣ ፋብሪካው ሞላሰሱን ቀስ በቀስ እያንጠባጠበ ይመግበዋል። በዚህ አመጋገብ የግሉኮሱ መጠን ሁልጊዜ ዝቅተኛ ስለሚሆን የሱክሮስ ጂን ክፍት ነው፣ እርሾውም ኢንቨርቴዙን በግድግዳው ይዞ ይደርቃል። ማልቶስ ግን በሕይወቱ አላየም። አዳማ ሲደርስ ለገበያ ስኳር የተዘጋጀ፣ ለዱቄት ማልቶስ ያልተዘጋጀ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ሌላም ነገር አገኘን። የካርቶኑን ጽሑፍ ተማሪዋ ስታነብልን እርሾው ብዙ ስኳር ላለባቸው ሊጦች የተመረጠ ዝርያ መሆኑን ይናገራል። ብዙ ስኳር የሚቋቋሙት ዝርያዎች አብዛኛውን ጊዜ በማልቶስ ላይ ቀርፋፋ ናቸው፤ ስኳር ለሌለው ሊጥ የሚመረጡት ደግሞ የማልቶስ ጂኖቻቸው ማልቶስ ሳይኖርም በከፊል ክፍት የሆኑ፣ በግሉኮስም እምብዛም የማይዘጉ ናቸው። ነጋዴው የሸጠው የተበላሸ ዕቃ አልነበረም፤ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ዕቃ ነበር። ባለቤቷ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ደውለው ሰውየውን ይቅርታ ጠየቁት።

ስለ ወተቱም ባለቤቷ ጠይቀውኝ ስለነበር አንድ ነገር ልጨምር፤ በስኳሩ ምትክ የወተት ዱቄት ማስገባት አስበው ነበር። የወተት ስኳር ላክቶስ ነው። የዳቦ እርሾ ላክቶስን የሚያስገባም የሚሰነጥቅም ጂን የለውም፤ ያለው ክሉይቬሮማይሲስ ላክቲስ የተባለው የወተት እርሾ ነው። ወተት የዳቦውን ቅርፊት ያቀላል፣ ጋዝ ግን አይሰጥም። የሚገርመው የላክቶስ እኩሌታ የሆነውን ጋላክቶስን ለብቻው ቢያገኝ የዳቦ እርሾም ይበላዋል፤ ለዚያ ያለው የጂኖች ቁጥጥር በሥነ ሕይወት ውስጥ በጣም ከተጠኑት አንዱ ነው። ጋል4 የተባለው አስነሺ በጂኖቹ መነሻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ጋል80 ደግሞ አፉን ይዞታል። ጋላክቶስ ሲመጣ ጋል3 ይይዘውና ጋል80ን ያላቅቀዋል፤ ያኔ የጂኖቹ ንባብ ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ያድጋል። ግሉኮስ ካለ ግን ሚግ1 ራሱን ጋል4ን ጭምር ስለሚያፍነው ጋላክቶስ ቢኖርም በሩ አይከፈትም። ከማልቶሱ ጋር ሲነጻጸር ተዋንያኑ ይለያያሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ግሉኮስ ይሂድ፣ ከዚያ ሌላው ይምጣ።

የተደረገው ማስተካከያ

ሦስት ሐሳብ ቀረበ። የመጀመሪያው የማረፊያውን ጊዜ ከ90 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት ማራዘም ነው፤ ፕላስተሩ እንደሚሠራ ያሳያል፣ ነገር ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ የሚሰለፉ ደንበኞች አሉና አልተመረጠም። ሁለተኛው የብቅል ዱቄት መጨመር ነበር፤ ይህን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼም ነበር። ብቅል የማልቶሱን መጠን ያበዛል እንጂ በሩን ቶሎ አያስከፍትም፤ ሞክረነው መቆሙ እንደነበረ ሆኖ ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ። ሦስተኛው ከጋጋሪው መጣ። እናቱ ድፎ ሲደፉ ከትናንቱ ሊጥ ጭብጥ የሚያህል አስቀርተው ለነገው ያሳድሩ እንደነበር ነገረኝና «የደረቀው እርሾ እስኪዘጋጅ ከምንጠብቀው፣ ቀድመን ሊጥ ውስጥ ብናዘጋጀውስ?» አለ። በፊኛ ያየነውን በሊጥ ቋንቋ መልሶ ነገረኝ፤ ያደረ ሊጥ ውስጥ ያለ እርሾ ነጻውን ስኳር ጨርሶ ወደ ማልቶስ የተሻገረ እርሾ ነው።

ከዚያ ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከ25ቱ ኪሎ ዱቄት 8 ኪሎው፣ 5 ሊትር ውኃና 150 ግራም እርሾ ብቻ ያለ ስኳርና ያለ ጨው ይቦካል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቀሪው ዱቄት፣ ውኃና ጨው ይጨመርበታል፣ እርሾ ግን አይደገምም። በመጀመሪያው ሌሊት እንደተለመደው ፕላስተር ለጠፍን። መስመሮቹ ከታች እስከ ላይ ተራርቀው ወጡ፣ የተደራረበም አልነበረም። በ25 ኪሎ ዱቄት አንድ ኪሎ ስኳርና 100 ግራም እርሾ ተቆጠበ፤ ጋጋሪው እንደሚለው የዳቦው ሽታም የእናቱን ድፎ ወደ ማስታወስ ቀርቧል።

ከወር ገደማ በኋላ ባለቤቷ እንደገና ደወሉ፤ ያ መቆም ለአንድ ሌሊት ተመልሶ ነበር። ሄጄ የዕለቱን ልክ አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ አዲስ የተቀጠረው ረዳት ለበለጠ እርግጠኝነት ብሎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሩብ ኪሎ ስኳር ጨምሮ እንደነበር ነገረኝ። ያደረው ሊጥ አራት ሰዓት ሙሉ የተከላቸውን የማልቶስ በሮች ያቺ ሩብ ኪሎ አስፈርሳቸዋለች። ያን ሌሊት የተለጠፈ ፕላስተር ስላልነበረ በማግስቱ ረዳቱ ራሱ በሁለት ዕቃ፣ አንዱን በስኳር አንዱን ያለ ስኳር፣ እንዲያሰምር አደረግን። ሲጨርስ ሁለቱን ፕላስተሮች ከማቡኪያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው።